በሬው ያልረገጠው እግር

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጫፏ ወደ ትንሿ ጣት ያጋደለች ናት። የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ ጣትህን ማን አጣመመው?» ሲሉኝ «ሕግ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እናንተም ሳቁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ። ይህች ጠማማ ጣት የአንድ ሰው እግርና የአንድ በሬ ስም ያዳነች ጣት ናት። ቀጥ ያሉ ዐሥር ጣቶች ይዞ ይህን ያህል ያልሠራባቸው ስንት ሰው አለ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የጣውላ ፋብሪካ የመጋዝ ጥርስ በሞረድ እስል ነበር። እኔ የሳልኩት መጋዝ ግንድ ውስጥ ሲገባ ቅቤ የሚቆርጥ ነበር የሚመስለው። ፊደል ማንም አላስተማረኝም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው እየለቀምኩ የተማርኩት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ፋብሪካችን ሲመጣ አስተማሪ ሆኜ ተመዘገብኩ እንጂ ተማሪ አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጣውላ ላወርድ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ልል ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ለምን እዋሻለሁ? ለመኩራራት ነው።

በዚያ ሰሞን የምርት ዘመቻው ጦፎ ነበር። በአካባቢው ካሉት ፋብሪካዎች ብዙ ያመረተና አደጋ ያልደረሰበት ቀይ ሰንደቅ ይሸለማል ተባለ። በራችን ላይ «ያለ አደጋ ወደ ድል!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። የጨርቁን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ የሚያምር ስለነበር ሌላ ሰው አልተፈለገም። ያ ጨርቅ በኋላ የሚያመጣብኝን ጣጣ ያኔ አላወቅኩም።

የግንድ ማውረጃው ካቦ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ሠራተኛውን የሚያዝዙ፣ የበር መቃን የሚሞላ ቁመና ያላቸው፣ ድምፃቸው የመጋዙን ጩኸት አልፎ የሚሰማ ሰው ናቸው። ያሳደጓቸው አክስታቸው ነበሩ፤ ከእሳቸው የወረሱት አንድ ቃል ነበራቸው። ሰው ሲደናቀፍ ወይም ጣውላ ጣቱን ሲያላትመው ካዩ፣ እግራቸው ሳይንቀሳቀስ አፋቸው ቀድሞ «እኔን!» ይላል። እናቶቻችን የሚሉትን «እኔን!» ያ ግዙፍ ሰውዬ ሲለው ወጣቶቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። «ካቦ እኔን» የሚል ስም አወጡላቸው። አንድ ጊዜ ድመት ከጣሪያ ስትወድቅ «እኔን!» ቢሉ ድመቷ ዞር ብላ አየቻቸው ብለው ያወሩባቸዋል። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ግንድ ከሚያወርዱት መካከል ቶሎሳ የሚባል የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ላፍቶ ያኔ ጤፍና ስንዴ ነው። ቶሎሳ ቀን እኛ ጋ ይሠራል፣ ሲመለስ ያርሳል። ያለው አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። በሬው ዳለቻ ነው፤ ስሙም ዳለቻ። ቶሎሳ ብዙ የማያወራ፣ ስለ ዳለቻ ሲነሳ ግን የማያቆም ሰው ነበር።

ነገሩ የሆነው ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። የምሠራባት ክፍል ከግንድ ማውረጃው የምትለየው በስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ሞረዴን ይዤ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ሰንሰለት ሲፈናጠር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ግንድ ሲንከባለል፤ ቀጥሎ የጋሽ ደምሴን ድምፅ፣ «እኔን!»

ሮጬ ወጣሁ። ቶሎሳ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ ደምሴ አጠገቡ ናቸው። ሌሎቹ ግንዱን ከጫነው መኪና ማዶ ስለነበሩ እንደ እኔው ገና መድረሳቸው ነው። ጋሽ ደምሴ «እንዴት ነህ ልጄ?» አሉት። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አለ። የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ ጠየቀው፤ ደህና ነኝ አለ። ማምሻውን ሲወጣ ዘበኛው «ምነው አነከስክ?» ቢለው ለእሱም ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን ብሎት፣ ባነከሰ እግሩ ላፍቶ ድረስ ሄደ።

በማግስቱ ቀረ። ረቡዕ ሚስቱ ጫልቱ ነጠላዋን አደግድጋ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። ፊደል የሚያውቅ ሰው ፈልጋ ስለነበር ወደ እኔ ላኳት፤ ወደ ማን ይልኳታል? እግሩ አብጦ ጠቁሯል አለችኝ። ሆስፒታል ወስደውት ሐኪሙ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ውስጡም አመርቅዟል፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ተከፍቶ ካልጸዳ እግሩ ይቆረጣል ብሏል። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ጉዳቱ በሥራ ላይ ከሆነ የፋብሪካውን ደብዳቤ፣ ካልሆነ የሕክምናውን ወጪ ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ ብሏቸዋል።

«ይኼማ ቀላል ነው» አልኳት። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚችለው አሠሪው እንደሆነ የሠራተኛ አዋጁ ላይ አንብቤያለሁ። ጫልቱን አስከትዬ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወደ ጓድ ሽፈራው ቢሮ ገባሁ።

ጓድ ሽፈራው ከወንበሩ ሳይነሳ አዳመጠኝ።

«ምን ዓይነት አደጋ? እዚህ አደጋ አልደረሰም» አለ። «ድሬሰሩ ጠይቆታል፣ ዘበኛው ጠይቆታል፣ ካቦው ጠይቆታል። ደህና ነኝ ነው ያለው። በእግሩ ነው የሄደው።»

«ግንድ ወድቆበት ነው።»

«ማን አየ?» ወደ ጫልቱ ዞረ። «ገበሬዎች አይደላችሁ? ቤታችሁ በሬ የለም?»

«አለ» አለች ጫልቱ፤ ምን ትበል።

«በቃ፣ በሬ ረግጦት ይሆናል።»

ያቺ «ይሆናል» የምትል ቃል እስከ ማምሻው አልቆየችም። ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ የሚወራው ቶሎሳን በሬው ረገጠው ነው። ዘበኛው እንዲያውም በሬው ተዋጊ እንደሆነ ድሮም ሰምቻለሁ ይል ጀመር።

የዚያን ዕለት በቀጥታ ላፍቶ ወረድኩ። ዳለቻ አጥሩ ሥር ታስሮ ያመሰኳል። አንድ የከብት ነጋዴ አፉን ከፍቶ ጥርሱን እያየ ነበር። ለሕክምናው የሚሆን ሌላ ገንዘብ የላቸውምና በሬውን ሊሸጡት ነው። ነጋዴው ጥርሱን አይቶ ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀ።

«በሬው ባልከፋ» አለ፣ «ሰው ይረግጣል ይባላል እንጂ። እንዲህ ያለውን ማን በደህና ዋጋ ይገዛል?»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ላፍቶ ደርሷል። ጓድ ሽፈራው እግሩን መካዱ ሳያንስ፣ እግሩን የሚያሳክመውን በሬም ዋጋ አሳጣው።

ቶሎሳ ደጃፉ ላይ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እግሩን ስጠይቀው ስለ በሬው መለሰልኝ።

«ዳለቻ እኔን ረግጦ አያውቅም፣ ታዴ። ከጥጃነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሕፃን ልጅ በሆዱ ሥር ሲያልፍ እግሩን አንስቶ ነው የሚጠብቀው። አሁን ስሙን አጠፉት።»

«አንተስ ለምን ደህና ነኝ ትላለህ?» አልኩት ተናድጄ። «ሦስት ሰው ጠየቀህ፤ ለሦስቱም ደህና ነኝ!»

ቶሎሳ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ትልቅ ሰው እንዴት ነህ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ሞቻለሁ ልበለው?»

ነጋዴውን ተመልሶ እንዲመጣ ለቅዳሜ ቀጠርነው። ጫልቱን «እስከ ቅዳሜ በሬው አይሸጥም» አልኳት። በምን እንደተማመንኩ እኔም አላውቅም፤ ቃሌን ግን ሰጠሁ። ቃል ከሰጠሁ ደግሞ የማልመለስ ሰው ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደምሴን ግንዶቹ መካከል አገኘኋቸው። አጠገባችን ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሰኞ ‹እኔን› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ተሳስተሃል።»

«የእርስዎን ‹እኔን› የሚሳሳት ጆሮ አለ?»

እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጓድ ሽፈራው እንዳነጋገራቸው ነገሩኝ። ሰንሰለቱ መለወጥ እንደነበረበት፣ ካቦው እሳቸው እንደሆኑ፣ ሰንደቁ ከቀረ በማን ጥፋት እንደቀረ እንደሚጠየቅ አስረድቷቸዋል። «ልጆች አሉኝ፣ ታደሰ» አሉ። «አንተም ብትተወው ይሻልሃል።»

ነገሩን የተናገርኩት ለእሳቸው ብቻ ቢሆንም ከምሳ በፊት ጓድ ሽፈራው አስጠራኝ። ወሬ አድራሽ በየግንዱ ሥር ነበር ያኔ። «የጻፍከውን ጨርቅ ራስህ ልታወርደው ነው?» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ በምርት ዘመቻ መካከል ሠራተኛ ማነሳሳት አሻጥር ይባላል አለ። አሻጥር የምትባለዋን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃታል። ያ ቃል የወጣበት ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። ፈራሁ ወይ? ፈርቻለሁ። አፌ ግን አልፈራም። «አሻጥሩ የሰንሰለቱ ነው» ብዬው ወጣሁ፤ ወጥቼም በቀጥታ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

እዚያ አለቆቹ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስብሰባው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ አልኩ። ቆምኩ። ለምሳ ሲወጡ ቆሜያለሁ፣ ከምሳ ሲመለሱ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ጠይም፣ ረጋ ያለች ሴት ወጥታ «እርስዎ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ። ጓድ ዘነበች ትባላለች፤ ስለ ሥራ ላይ አደጋ የምትመረምረው እሷ ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት። አንዴም ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ምስክር አለ?»

«ጆሮዬ አለ።»

«ጆሮ ግማሽ ምስክር ነው» አለች። «ነገ እመጣለሁ። ግማሹን እርስዎ ይፈልጉ።»

አርብ ከሰዓት በውይይት ክበብ አዳራሽ ተሰበሰብን። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ፋብሪካችን ከዝግባ የሠራቸው ናቸው፤ አንዱን ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል። ቶሎሳን በጋሪ አመጡት። እግሩን በጨርቅ ሸፍነውት እንኳ ሽታው ይሰማ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጡት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያኔ ነው ጉዳዩ የሰንደቅ ወይም የደብዳቤ እንዳልሆነ ሁሉም የገባው። እዚያ ጨርቅ ሥር ያለው እግር ወይ ይቀራል ወይ ይሄዳል፤ የሚወሰነው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው።

ጓድ ሽፈራው በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር። ድሬሰሩን አስነሳ፤ ጠይቄው ደህና ነኝ ብሏል አለ። ዘበኛውን አስነሳ፤ እሱም ያንኑ። ጓድ ዘነበች ወደ ቶሎሳ ዞረች።

«ደህና ነኝ ብለዋል?»

«ብያለሁ» አለ ቶሎሳ። ውሸት የሚባል ነገር አያውቅም።

«ለምን?»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

አንዳንዶች ሳቁ። ጓድ ሽፈራውም ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ተነስቼ አዋጁን በቃሌ ወጣሁት፤ ሳልሳሳት፣ ሳልደናቀፍ። ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እንደጨረስኩ ጓድ ዘነበች «ጓድ ታደሰ፣ አዋጁን እኔም አንብቤዋለሁ» አለች። «የቸገረን አዋጁ አይደለም። አደጋው ሲደርስ ያየ ሰው ነው።»

ጋሽ ደምሴ ተጠሩ። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ወለል ወለሉን እያዩ ምንም አላየሁም አሉ።

«‹እኔን› ብለው ጮኸዋል ተብሏል።»

«አላልኩም።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዳሉ ያውቃል። የሚናገር ግን አልነበረም። ጓድ ዘነበች እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ መለሰች። ቶሎሳ ወደ ጫልቱ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ የሰማሁት «ዳለቻ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀሪው ገባኝ። ነገ ነጋዴው ይመጣል፤ ይሸጥ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ የያዝኩት አንድ ዕቅድ ነበረኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለሰው የተነገረ ዕቅድ የሰው ይሆናል። የተቀመጥኩትም ሆን ብዬ ከጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት፣ በአግዳሚው ጫፍ ላይ ነው። ልናገር የተነሳሁ መስዬ በወንበሩ እግር ተጠልፌ ልወድቅ። ትንሽ አወዳደቅ፤ ለዓይን የምትበቃ ያህል። ሰው ምላሱን ይቆጣጠር ይሆናል፤ አክስቱ ያስተማሩትን ቃል ግን አይቆጣጠርም ብዬ ነው።

«አንድ የምጨምረው አለ» ብዬ ተነሳሁ፤ ተጠለፍኩ። ያላሰብኩት ነገር በወንበሩ ማዶ ጫፍ የነበሩት ሰዎች ስብሰባው ያበቃ መስሏቸው ቀድመው መነሳታቸውን ነው። ስወድቅ ወንበሩን ይዤው ሄድኩ። ያ የዝግባ አግዳሚ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መጣና ጫፉ ግራ እጄ ላይ አረፈ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጣቴ ናት።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!»

ጋሽ ደምሴ ሁለት ረድፍ ወንበር ዘለው ደረሱ። ሁለት ጎረምሳ የሚፈልገውን አግዳሚ በአንድ እጃቸው አነሱት። መሐረባቸውን አውጥተው እጄን ጠቀለሉት። ጓድ ዘነበችም ከመድረኩ ወርዳ መጣች።

«ጓድ ታደሰ፣ እንዴት ነዎት? ተጎዱ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

አወዳደቁን አቅጄዋለሁ። ይኼ ቃል ግን ማንም ሳያዘው ከአፌ ወጣ። ደሜ በመሐረቡ አልፎ ወደ ክርኔ እየወረደ፣ ጣቴ ወደማትዞርበት ዞራ፣ ካድሬ በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። አዋጁን በቃሌ የማውቀው እኔ! ከዚያ ከኋላ ጫልቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ እያለቀሰች የነበረችው ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ አዳራሹም ተከተላት። እኔም ያኔ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ጓድ ዘነበች አልሳቀችም። ወደ አስተዳደር ኃላፊው ዞረች።

«ጓድ ሽፈራው፣ ይኼን ጣት ምን ብለን እንያዘው? ባለቤቱ ደህና ነኝ ብሏል። በሬ ረግጦት ይሆን?»

መልሱንም ሳትጠብቅ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። እሳቸው ገና እጄን እንደያዙ ነበሩ።

«ጓድ ደምሴ፣ አሁን ያሉትን ቃል ለምን አሉት?»

«ወንበሩ ሲወድቅበት አየሁ።»

«ሰው ሲጎዳ ሳያዩ ብለውት ያውቃሉ?»

ጋሽ ደምሴ እጄን አዩ፤ ከዚያ ቶሎሳን አዩ፤ ከዚያ እግሩን የሸፈነውን ጨርቅ። «ሳላይ ለማን እላለሁ?» አሉ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የመጋዙን ጩኸት በሚያልፈው ድምፃቸው ተናገሩ። «ሰኞም አይቻለሁ። ሰንሰለቱ ተፈናጠረ፣ ግንዱ መጥቶ እግሩ ላይ ወጣበት። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች አሉኝ ብዬ ነው። ቶሎሳ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምንም አይደል፣ ጋሽ ደምሴ» አለ ቶሎሳ። «ደህና ነኝ።»

«ኧረ ያን ቃል ዛሬ እንኳ ተወው!» ብዬ ጮህኩበት።

ደብዳቤው ያንኑ ከሰዓት ተጻፈ። ጓድ ዘነበች ማኅተሙ እስኪመታ ከቢሮው አልወጣችም። ጋሪው ከፋብሪካው በር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ ጋሽ ደምሴም ከጋሪው ጎን በእግራቸው ሄዱ። ቶሎሳን ማምሻውን አስገቡት። እግሩ ተከፈተ፣ ጸዳ፣ ቀረለት። ያነክሳል፤ ግን በሁለት እግሩ ነው የሚያነክሰው። የሕክምናውን ወጪም ፋብሪካው ቻለ። ቅዳሜ ነጋዴው ሲመጣ ጫልቱ «በሬያችን ሰው አይረግጥም፤ የረገጠው ግንድ ነው» ብላ መለሰችው።

ሰንደቁ ለሌላ ፋብሪካ ሄደ። የጻፍኩትን ጨርቅ አውርድ ተብዬ አወረድኩት፤ ለጥቂት ወራትም ጓድ ሽፈራው ሲያልፍ በማየው ቁጥር መንገዴን እቀይር ነበር። አሻጥር የምትለዋን ቃል ግን ዳግመኛ አላነሳትም፤ ሰንሰለቱ በምርመራው ውስጥ ገብቶ ስለነበር እሱም የራሱ ፍርሃት ነበረበት። ጋሽ ደምሴን ከካቦነት አወረዷቸው፤ እስኪመልሷቸው ድረስ ከቶሎሳ ጓዶች ጋር ግንድ ሲያወርዱ ከረሙ። ወጣቶቹ «ካቦ እኔን» ማለታቸውን አልተዉም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም እየሳቀ አላላቸውም።

ጣቴስ? ይኼው መጣሁ። እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰኞ ጠዋት ጓድ ዘነበች ዘንድ ሄጄ፣ ጣቴ በሥራ ሰዓት በሥራ ቦታ ስለተጎዳች አሠሪው ያሳክማት አልኳት። እጄን አገላብጣ አየችው።

«ጓድ ታደሰ፣ አወዳደቅዎን ከመድረኩ ላይ ሆኜ ሳየው ነበር» አለች። «ሠራተኛው ራሱ ሆን ብሎ ያደረሰውን ጉዳት ሕጉ አይሸፍንም።»

በሕይወቴ በሕግ የረታችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እንደዚያ ስለሆነ መካኒሳ አቦ አጠገብ የነበሩ አንድ ወጌሻ አሰሯት፤ ጠማማ ሆና ገጠመች። «ሕግ ነው» የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀን በፊት አዋጅን በቃሉ የያዘ ሰው ሕግ ያወቀ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም የፋብሪካችን ሠራተኛ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ሆነ፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ የሠራተኛ ማኅበሩ የአደጋ ጉዳይ ተጠሪ እኔ ነበርኩ። ስጠራም ወረቀት ከማንሳቴ በፊት የማየው የሰውየውን አፍ ነው። በቁስሉ ላይ ሆኖ ደህና ነኝ የሚል ስንት ሰው አየሁ መሰላችሁ። ጣቱ ተቆርጦ ደህና ነኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ደህና ነኝ። ጨዋነታችን ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ያ ጨዋነት አለቃው ጆሮ ሲደርስ ማስረጃ ይሆናል፤ እግርህን ግንድ ይረግጠዋል፣ ተጠያቂው በሬህ ይሆናል።

ስለዚህ እናንት የምታነቡኝ፣ የፋብሪካም ሁኑ የሕንፃ ሥራ፣ የመኪናም ሁኑ የወጥ ቤት፣ አንድ ነገር ስሙኝ። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ መጀመሪያ የሆናችሁትን ተናገሩ። እዚያው፣ ያኔውኑ፣ ለአለቃችሁ፣ ሌላ ሰው እየሰማ። ምን እንደመታችሁ፣ የት እንደመታችሁ። ፈጣሪን ማመስገኑ አይቅር፤ ግን ከዚያ በኋላ ይሁን። እሱ እንደሆነ ቢዘገይበት አይቀየምም፤ አለቃ ግን የቀደመውን ቃል ይይዛል።

ይህን ለሠራተኛው ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ አልነግራችሁም፤ እየኮራሁ ይመስልብኛል። ቶሎሳ ግን ሳልነግረው ነው የተማረው። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ አንድ ቀን ላፍቶ መንገድ ዳር አገኘሁት። ዳለቻ ካለፈ ስንት ዓመቱ፤ እርሻውም መንገድና ፎቅ ሆኗል። በሽበቱ ላይ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በትሩን ተመርኩዞ እያነከሰ መጣ።

«ቶሎሳ፣ እንዴት ነህ?» አልኩት።

ቆመ። በትሩን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«ቀኝ እግሬን፣ ግንዱ የረገጠኝን፣ ብርድ ሲሆን ያመኛል» አለ። «ጉልበቴም አይታጠፍልኝም። ሌላው ደህና ነው፤ እግዜር ይመስገን።»